በመስኮት የሚለካ ዜማ

ሰፈሩ ሁሉ «ጥንቃቄ» ነበር የሚለው። መስታወት በጀርባው አዝሎ በእግረኛ መንገድ ሲያልፍ «ጥንቃቄ! ጥንቃቄ!» እያለ ስለሚጮህ ስሙ እሱው ሆኖ ቀረ። ሚስቱ እንኳ በሕይወት ሳለች ስትቆጣው «አንተ ጥንቃቄ!» ትለው ነበር። ሃምሳ አራት ዓመት ሙሉ መስታወት ሲያመላልስ መንገድ ላይ የተሰበረበት አንድ ብቻ ነው። እሱንም የሰበረው ላሳልፍህ ብሎ ወደ ኋላ የተራመደ ፖስተኛ ነው።

«የጎዳኝ ጨዋ ሰው ነው» ይል ነበር ታሪኩን ባወራ ቁጥር፤ «ባለጌ ቢሆን ኖሮ ባልተንቀሳቀሰ።»

እኔ አናጢ ነኝ። የመስኮት ፍሬም እሠራለሁ፣ እሱ መስታወቱን ቆርጦ ይገጥማል። በወጣትነታችን አንድ ወርክሾፕ ይዘን መሬቱን በጠመኔ መስመር ለሁለት ከፈልነው። መስመሩ በሁለት ሳምንት ጠፋ፤ ጭቅጭቁ ግን እስከ መጨረሻው አብሮን ኖረ።

«ብናኝህ መስታወት የማጣብቅበት ስቱኮዬ ውስጥ ገባ።»

«ስባሪህስ ጫማዬ ውስጥ አልገባም?»

«ጫማ ነው እንዴ እሱ? እኔ የወፍ ጎጆ መስሎኝ ነው።»

በግራ እጄ ሁለት ጣት የለኝም። ሥራ በጀመርን በሦስተኛው ዓመት የመጋዝ ማሽኑ ወሰዳቸው። ያን ቀን ሸሚዙን አውልቆ እጄን የጠቀለለልኝና ደግፎ ሐኪም ቤት ያደረሰኝ እሱ ነው። መንገዱን ሙሉ ከልማዱ የተነሳ «ጥንቃቄ! ጥንቃቄ!» እያለ ይጮህ ነበርና፣ ሰው ሁሉ መስታወት የያዝን መስሎት ግድግዳ ላይ እየተለጠፈ አሳለፈን። እያመመኝም ሳቅኩ።

ጥንቃቄ አይሁዳዊ ነበር። ወርክሾፑን ስንከፍት ምኩራባቸው ከእኛ ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ ነበር፤ ቅዳሜ ጠዋት በዚያ ሳልፍ ድምፃቸው እስከ ውጭ ይሰማል። ለጸሎታቸው አሥር ወንድ መሙላት አለበት፤ ካልሞላ ዋናው ጸሎት አይባልም። ዓመታት ሲያልፉ ግማሾቹ ልጆቻቸው ወዳሉበት አገር ሄዱ፣ ግማሾቹ ወደ መቃብር። እሱም ቁጥሩን ሰኞ ሰኞ ይነግረኝ ነበር።

«ስንት ሆናችሁ?»

«ዘጠኝ። መንገድ ወጥተን አሥረኛ ስንለምን ዋልን።»

ሌላ ጊዜ ደግሞ፦ «ስድስት።» ቆይቶ፦ «ሦስት ነን። ለካርታ ጨዋታ እንኳ አንድ ሰው ይጎድለናል።»

በመጨረሻ ሕንፃው የጎማ መጋዘን ሆነ። ከሦስቱ ሁለቱ ሞቱ። የመጨረሻው የሞተው መነጽር ሻጩ ጓደኛው ነው፤ ከቀብሩ ማግስት ጥንቃቄ ወርክሾፕ ገብቶ እስከ ምሳ ሰዓት አንድም መስታወት ሳይቆርጥ ቆሞ አረፈደ። ከዚያ «ዜማውን የሚያውቅ እኔ ብቻ ቀረሁ» አለኝ።

ስለ ዜማው ልናገር። ቃል የለውም። ከአያቱ ወደ አባቱ፣ ከአባቱ ወደ እሱ የመጣ ነው። ቅዳሜ ሰንበታቸው ስትሸኝ፣ ፀሐይ ልትገባ ስታዘቀዝቅ አንስቶ ሦስት ኮከብ እስኪታይ ባለው ሰዓት ብቻ ይዜማል። በሌላ ቀን አይዜምም፤ አባቱ ከልክሎታል። መብራት አይበራም፤ በሰንበት እሳት አይነካምና። ጠረጴዛ ዙሪያ መስኮቱን ፊት ለፊት እያዩ ይቀመጣሉ፣ እጅ ጠረጴዛ ላይ ይውላል። አይጨበጨብም፤ እሱም የሰንበት ሕጋቸው ነው።

ልኩ መስኮቱ ነው። ብርሃኑ ከማዶው ቤት ጣሪያ ላይ እስኪወርድ ድምፁን ይዞ ይቆያል፤ ሲወርድ አብሮ ይወርዳል። ከዚያ ዝም ይላል። ያ ዝምታም የዜማው አካል ነው። የመስኮቱ ጠርዝ እስኪጠቁር ጠብቆ ሁለተኛውን ዙር ያነሳል። ቀኑ ሲረዝም ዜማው ይረዝማል፣ ሲያጥር ያጥራል፣ ደመና ሲሆን ሌላ ይሆናል። ሁለት ቅዳሜ አንድ ዓይነት ሆኖ አያውቅም።

መነጽር ሻጩ ከሞተ በኋላ አብሬው መቀመጥ የጀመርኩት እኔ ነኝ። ሃይማኖቱ የእኔ አይደለም። ግን አንድ ቀን «ሰው ካልተቀመጠልኝ ለመስኮት ብቻ ማዜም ያሳፍረኛል» አለኝ፤ ሄድኩ። ስድስት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ስምንት ጣቶቼን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። አላዜምኩም። ድምፄ ያልተሳለ መጋዝ ነው። ሲጨርስ ኮከቦቹን በጣቱ ቆጥሮ ይነሳና መብራት ያበራል፤ «በል ሂድ፣ ራትህ ይቀዘቅዛል» ይለኛል።

አንዲት ልጅ ነበረችው፣ ባሕር ማዶ የምትኖር። ከሄደች ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗታል። ዜማውን ታስታውስ እንደሆነ በስልክ ጠይቋት «አባዬ፣ አንተ በመስኮት ስታይ ነው የሚታወሰኝ እንጂ ዜማውስ ጠፍቶብኛል» አለችው። በስልክ እንዳያሰማት፣ ሰዓቱ ስልክ የማይነካበት ሰዓት ነው። ስልክ በሚነካበት ሰዓት ደግሞ ዜማው አይነካም። ይህን ሲነግረኝ ራሱን በመገረም ነቀነቀ፤ «አባቴ በሩን ዘግቶ ቁልፉን ውስጥ ነው የተወው» አለ።

የሰፈራችን የባህል ማዕከል በዓመት አንድ ጊዜ የአይሁድ ባህልና ሙዚቃ ምሽት ማዘጋጀት የጀመረው ያን ሰሞን ነው። ፎቶ ይሰቀላል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ሦስት ወጣቶች ክላሪኔት፣ ቫዮሊንና አኮርዲዮን ይጫወታሉ። ወጣቶቹ አይሁድ አይደሉም፤ ከወረቀት ነው ያጠኑት፤ እጃቸው ግን ጥሩ ነው። ጥንቃቄ በመጀመሪያው ዓመት ሄዶ አየ።

«እንዴት ነበር?» አልኩት።

«ጥሩ ነው። የሠርጋችንን ዜማ ሁሉ ያውቃሉ። ሠርግ ብቻ የነበረን መሰላቸው እንጂ።»

በሦስተኛው ዓመት የማዕከሉ ኃላፊ ወርክሾፕ ድረስ መጣች። ትሑት ሴት ናት። ብናኝ ባለበት ወንበር ላይ ሳታራግፍ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ዘንድሮ ቀኑን ለእርስዎ ብለን ነው የመረጥነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አደረግነው፤ የእናንተ ቀን ስለሆነ።»

ጥንቃቄ መስታወት መቁረጫውን አስቀመጠ። «ልጄ፣ ቅዳሜ የእኛ ቀን በመሆኑ እኮ ነው ቅዳሜ መሣሪያ የማንነካው። ማይክራፎን አልይዝም፣ መብራት አላበራም። ለሠርግ የጠራሽኝ በጾም ቀን ነው።»

የሴትየዋ ፊት ቀላ። «ይቅርታ አባባ… ፖስተሩ ታትሟል።»

ያኔ ነገር ውስጥ የገባሁት እኔ ነኝ። «ቆይ» አልኩ፤ «ፕሮግራሙ የሚያልቀው ስንት ሰዓት ነው?»

«ፀሐይ ስትገባ።»

ጥንቃቄ ምን እንዳሰብኩ ወዲያው ገባው። «አይሆንም» አለኝ።

«ምን አልኩ?»

«አውቃለሁ የምትለውን። አይሆንም።»

እሷ ከሄደች በኋላ ግን አልለቀቅኩትም። ያ አዳራሽ በምዕራብ በኩል ሰባት መስኮት አለው፤ ፍሬሙን የሠራሁት እኔ፣ መስታወቱን የገጠመው እሱ ነው። ሰዓቱ የዜማው ሰዓት ነው። ማይክራፎን አያስፈልግም። መቶ ሃምሳ ሰው ይኖራል። ከመቶ ሃምሳ አንድ ሰው እንኳ ይዞት ቢሄድ ዜማው አልሞተም ማለት ነው።

«ለማን ልትተወው ነው ታዲያ?» አልኩት።

«ለማንም።»

«አባትህ ያስተማረህ ለማንም እንድትተወው ነው?»

መስታወት መቁረጫውን መልሶ አነሳ። እንዳመመው አይቻለሁ፤ እንዲያመው ብዬም ነው የተናገርኩት። በማግስቱ ኮቱን ሳያወልቅ «ወረቀት አምጣና ጻፍ» አለኝ። እኔ ፊደል የለየሁት ጎልማሳ ሆኜ፣ መስታወት በሚጠቀለልበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው፤ ጽሑፌ ግን ንጹሕ ነው። የሚለውን ጻፍኩ። መጋረጃ ይከፈት። መብራት ይጥፋ። ማይክራፎን አይቅረብ። ስልክ አይውጣ፣ አይቀረጽ። ሦስተኛው ዙር ላይ የፈለገ ሰው ዝግ ብሎ ይከተል።

ስለ እጅ የተጻፈ ነገር የለም። እሱ ሊያስብበት አልቻለም፤ በእሱ ቤት እጅ ጠረጴዛ ላይ መሆኑ እንደ ግድግዳው ያለ ነገር ነው፣ ግድግዳ አለ ብሎ የሚያሳስብ ሰው የለም። ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ከውጭ የመጣሁት እኔ ነኝና።

ቀኑ ደረሰ። ጥቁር ሙሉ ልብሱን ለበሰና በእግር ሄድን። ወጣቶቹ ሲጫወቱ እሱ ውስጥ አልገባም፤ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ጀርባውን ለሙዚቃው ሰጥቶ ሰማዩን ያይ ነበር።

«ፈርተሃል?» አልኩት።

«ሰባት መስኮት ነው። እኔ የማውቀው አንድ ነው።»

«ሁሉንም አንተው ነህ የገጠምካቸው።»

«እሱስ ነው» አለና ፈገግ አለ። «አንደኛው ሲዘጋ ይንቀጠቀጣል። ፍሬሙ ጠማማ ነው።»

ኃላፊዋ መጥታ ጠራችው። መጋረጃው ተከፈተ፣ መብራቱ ጠፋ፣ ሁሉም ልክ እንደተጻፈው ሆነ። ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጦ ሁለት እጁን ጣውላው ላይ ዘረጋ። እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። ፀሐይዋ ከጣሪያዎቹ በላይ አንድ ስንዝር ቀርቷታል።

የመጀመሪያውን ዙር ሲያነሳ ድምፁ ቀጭን ነበር፤ የሰባ ስድስት ዓመት ሰው ድምፅ ነው። ከኋላ ያሉት ሊሰሙ አንገታቸውን አሰገጉ። ወንበር ጮኸ፤ ሳል ተሰማ። አንዲት ሕፃን «እማዬ፣ መብራት ሄደ?» አለችና ሰዉ ሳቀ። እሱ አልሰማም፤ መስኮቶቹን ነው የሚያየው። ብርሃኑ ወረደ፣ ድምፁም አብሮ ወረደ፤ እንደዚያ ቀን አምሮ ሰምቼው አላውቅም። ከዚያ ዝም አለ።

ያን ዝምታ አውቀዋለሁ። ስድስት ዓመት ተቀምጬበታለሁ። በእሱ ቤት ውስጥ እንደ እረፍት ነበር። መቶ ሃምሳ ሰው መሀል ግን ሌላ ሆነብኝ። ሰዎች መተያየት ጀመሩ። ከኋላዬ አንድ ሰው «ረሳው መሰለኝ» አለ። ሚስቱ ይሁኑ እንጃ፣ አጠገቡ ያሉት ሴት «ውይ፣ ምስኪን» አሉ።

እስከዚያ ቀን ጥንቃቄን ምስኪን ያለው ሰው አልነበረም። አልቻልኩም። በርታ ልለው ፈለግኩ። አፌ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ቃል ማውጣት ፈራ፤ እጄ ግን ተነሳ። አጨበጨብኩ። ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ፣ ዝግ ብዬ።

አዳራሹ የሚጠብቀው ይህን ነበር። ከግራ ተቀበሉኝ፣ ከቀኝ ተቀበሉኝ፣ በአንድ ጊዜ ሰዉ ሁሉ በአንድ ልክ ይመታ ጀመር። ባለአኮርዲዮኑ ምቱን አገኘና መሣሪያውን ከፈተ። ጥንቃቄ ፊቱን ከመስኮቱ አንስቶ ወደ ሰዉ አዞረ። ሊያስቆማቸው እጁን ከጠረጴዛው ማንሳት ነበረበት፤ አላነሳም። ሁለተኛውን ዙር ጀመረ፤ ግን ድምፁ ሕዝብ መሀል እንደተገፋ ሰው ጭብጨባው ወደወሰደው ሄደ። ሰዎች ተነሱ። ጥቂቶች ክብ ሠርተው ጨፈሩ። ስልኮች ወጡ፤ ደስታው ሲጀምር ነው እንጂ ከዚያ በፊትማ ማንም አላወጣም። አንድ ሰው መብራቱን አበራው። መስኮቶቹ ጥቁር ሆኑ፤ የራሳችን ፊት ብቻ ታየን።

ኃላፊዋ እያለቀሰች መጥታ አቀፈችው። «አባባ! አዳራሹ ሁሉ ይዞታል!»

«አዎ ልጄ» አለ፤ «ይዞታል።»

ስንመለስ በሩ ላይ ቆሞ ሰማዩን አየ፤ ከሦስት በላይ ኮከብ ወጥቷል። «ዛሬ ስትወጣ አላየኋትም» አለ። ሰንበትን ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደወትሮው ሄድኩ። ተቀመጥን። ብርሃኑ ጣሪያው ላይ ደረሰ። አፉን ከፈተ፤ የወጣው የአዳራሹ ነው። አቆመ። እንደገና ጀመረ፤ ያው ሆነ። ምቱ ውስጡ ገብቷል። ዝምታው ጋ ሲደርስ ዝም ማለት አልቻለም፤ አንገቱ ሳያውቀው ይመታል። ሁለተኛ ቅዳሜም ሞከረ፣ ሦስተኛም ሞከረ። ከዚያ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት መላጊያዬን ሳቆም ከወርክሾፑ ጥግ ሲያዜም ሰማሁት። የአባቱን ትእዛዝ ሲሽር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በሥራ ቀን ቢመጣለት ብሎ ነው። አልመጣም። እኔ እንደሰማሁት ሲያውቅ «መጋዝህን አስነሳ» አለኝ።

ሰፈሩ ግን ዜማውን ወዶታል። ቀለም ቀቢው መሰላል ላይ ሆኖ ያፏጨዋል። ዳቦ ቤት ያለችው ልጅ እያንጎራጎረች ዳቦ ትሰጠናለች። በስልክ የተቀረጸው ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ባሕር ማዶ ደረሰ፤ ልጁ እየጮኸች ደወለች። እኔ አጠገቡ ነበርኩና ድምፅዋ ይሰማኛል።

«አባዬ! አየሁህ እኮ! ያ ዜማ ነው አይደል? ልክ ስሰማው ትዝ አለኝ! አሁን ለልጆቼ እየዘፈንኩላቸው ነው፣ እያጨበጨቡ!»

ጥንቃቄ ስልኩን በሁለት እጁ ያዘ። «እሱ ነው ልጄ» አላት፤ «እሱ ነው።»

ዘግቶ ሲያበቃ ስልኩን በእጅጌው ወልውሎ አስቀመጠው። እስከዚያች ቀን ድረስ ምናልባት አንድ ቀን ዋናው ዜማ ከልጅነቷ ይመለስላት ይሆናል ብሎ ተስፋ ያደርግ እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ።

በዚያው ዓመት ብርዱ ሲገባ ሳንባው ታመመ። አልጋውን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ አዞርኩለት። አንድ ቅዳሜ ሲመሽ ጠረጴዛውን አቅርቤ ተቀመጥኩ፤ እሱ ትራስ ተደግፎ ማዶውን ያያል።

«በል» አለኝ በደከመ ድምፅ፤ «አንተ ስድስት ዓመት ሰምተሃል። የመጀመሪያውን ጀምርልኝ። ከጀመርክልኝ እኔ አገኘዋለሁ።»

«የእኔን ድምፅ ታውቀው የለ?»

«አውቃለሁ። ጀምር።»

ብርሃኑ ጣሪያው ላይ እስኪደርስ ጠብቄ ጀመርኩ። በሕይወቴ እንዲህ ተጠንቅቄ የሠራሁት ሥራ የለም። ሁለት ትንፋሽ እንኳ አልሄድኩም። ከአፌ የወጣው ቀለም ቀቢው የሚያፏጨው ነው።

ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። «ጎበዝ። እሱ የአዳራሹ ነው።»

«ጥንቃቄ» አልኩ፤ «አንድ ነገር ልንገርህ።»

«አትንገረኝ።»

«መናገር አለብኝ። ያን ቀን…»

«አልኩህ እኮ አትንገረኝ። ስምንት ጣት ሲያጨበጭብ ድምፁ ሌላ ነው። ያን እጅ በሸሚዜ የጠቀለልኩት እኔ ነኝ፤ ካንተ ይልቅ አውቀዋለሁ።»

መስኮቱ ጠቆረ። በመጨረሻ «ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አልክ?» አልኩት።

«ብናገርማ ትቀራለህ። አንተ ከቀረህ ማን ይቀመጥልኛል?»

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ረቡዕ ቀን፣ ሞተ። ለቀብሩ ከሌላ ከተማ አምስት ሰዎች መጡ። አሥር አልሞላምና ያ ዋናው ጸሎት ሳይባል ቀረ። ከአምስቱ ሽማግሌ የሆኑትን ዜማውን ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «አዎን!» አሉ ፊታቸው በርቶ፤ «በስልክ ደርሶናል።»

ባለፈው ሳምንት የማዕከሉ ኃላፊ እንደገና ወርክሾፕ መጣች። የእሱ ግማሽ ባዶ ነው፤ የተቆረጡ ጥቂት መስታወቶች ግድግዳው ላይ ተደግፈው እንዳሉ አሉ። ፖስተሩን አሳየችኝ። ዘንድሮ ምሽቱ የሚከፈተው በእሱ ዜማ ነው፤ ከስሙ ሥር «ሁላችንም አብረን እናጨበጭባለን» ተብሎ ተጽፏል። እሱን ለማክበር የቻሉትን ሁሉ አድርገዋል፤ ክፉ የሚባል ሰው በዚህ ውስጥ የለም።

«አባባ» አለችኝ፤ «አምና ጭብጨባውን የጀመሩት እርስዎ ነዎት አሉ። ዘንድሮም ይጀምሩልናል? እሳቸውም ደስ ይላቸው ነበር።»

ግራ እጄን ከኪሴ አውጥቼ አሳየኋት። «ጣት ይጎድለኛል ልጄ» አልኳት።

ቀልድ መስሏት ሳቀች። እኔም ፖስተሩን ተቀብዬ፣ ከመስታወቶቹ አንዱን አቧራ እንዳይነካው ሸፈንኩበት።